የማር አረቄና የግራፊክስ ካርዴ

ማክሰኞ
ደህና ዕቃ ከሆነ ባለቤቱ ለምን ይሸጠዋል? እኔም ጠይቄያለሁ፤ ከገዛሁት በኋላ። ያገለገለው ግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተሬ ላይ ከተገጠመ ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ እንደ ቀሚስ ጥለት በአረንጓዴ መስመር ተሞላና ጠፋ። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ርካሽ ነው ብዬ የሮጥኩት እኔው ነኝ።

የሚያስጨንቀኝ እሑድ ነው። በአባቴ አጥቢያ፣ ቁይ ከተማ አጠገብ፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ነው። ንድፉ የኔ ነው፤ በአርክቴክትነት ከተመረቅሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ። ሕንፃው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በሥዕል ላሳይ ለቄስ አላምረው ቃል ገብቻለሁ። «የንድፉን መስመር ማን ያነብልሃል? ግድግዳውን አሳየን» ብለውኛል። ያለ ካርዱ ኮምፒውተሬ ያን ሥዕል አያወጣም።

ረቡዕ
ካርዱን ፈታሁት። ውስጡ ዱቄት የመሰለ አቧራ ብቻ። ወፍጮ ቤት የኖረ ይመስላል። አብሮኝ የሚኖረው ይበልጣል «ይሄ ካርድ ሳይሆን የወፍጮ ቋት ነው» አለ። ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባትም ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ለካ የሚጠፋው እየጋለ ነው። አዲስ ቅባት ከስልክ ጠጋኝ ለመንኩ። ማጽጃ አልኮል ግን ፋርማሲው አልቆበታል።

ከዚያ ትዝ አለኝ፤ አከራያችን እማማ የሽ አረቄ ያወጣሉ።
«ለማሽን ነው» አልኳቸው።
«ለማሽንም ይሁን፣ ላንተማ መናኛውን አልሰጥም።»
በብሩሽ አጽድቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ሐሙስ
ካርዱን ጉንዳን ወርሶታል። ሲነኩት ይጣበቃል።
ይበልጣል ከጠርሙሱ ቀመሰ፤ ደግሞም ቀመሰ። «ማር አለው» አለ። ሊደግም ሲል ቀማሁት። እማማ የሽ ለክብሬ ብለው የማር አረቄ ነው የሰጡኝ። ስነግራቸው ቅር አላቸው። «ለእንግዳ የሚቀርብ ነው እኮ። ጉንዳኑ እንኳ ያውቃል።»
ማር ያልነካው፣ ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ ሰጡኝ፣ እያጉረመረሙ። እንደገና ከሀ። የቀረኝ፦ ማሩን ማስለቀቅ፣ ማድረቅ፣ ቅባት፣ ጸሎት።

ዓርብ
ገጠምኩት። በራ። መስመር የለም። ማራገቢያው ይንቋቋል፤ ይንቋቋ። ከሥዕሉ ጉልላቱ ወጥቷል፣ በሩ ይቀራል። መብራት ብቻ አይሂድብኝ። ክፍሉ አረቄ አረቄ ይላል፤ እማማ የሽ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ሠራ ወይስ ሰከረ?» ይሉኛል።

ቅዳሜ
አለቀ። በትልቁ አሳተምኩት። ካርዱን በእጄ ዳበስኩት፤ እንደ በሬ።

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አላምረው ሥዕሉን ዘረጉት። ሕዝቡ ከበበው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀረቡና «እኔ የማስቀድሰው የት ቆሜ ነው?» አሉ። ከበሩ አጠገብ በጣቴ አሳየኋቸው። ሁሉም የየራሱን ቦታ ሊፈልግ ተጋፋ። አባቴ ግን ሥዕሉን ትቶ እኔን ያያል።

ካርዱ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ እንጃ። ወደ ከተማ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለከተማችን ልጆች በቴሌግራም እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሞቷል ብላችሁ ሣጥን ውስጥ የጣላችሁት ካርድ ካለ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንፍታው። መፍቻና ብሩሽ ከኔ፣ ማጽጃው ከእማማ የሽ። የምትመጡ መልሱልኝ፤ ማር እንዳይጨምሩበት አስቀድሜ ልንገራቸው።»