የላይኛው ባህር ዛፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

«ከአባትዎ ቤት በላይ ካለው የታቦቱ ባህር ዛፍ ስድስት ግንድ ያለ ፈቃድ ቆርጠው እየፈለጡ መሆኑን ደርሰንበታል። ከዛሬ ጀምሮ መጥረቢያ እንዳያነሡበት፣ የተቆረጠውም ካለበት እንዳይነቃነቅ እናሳስባለን። ይህን ተላልፈው ቢገኙ ግን በምእመናን ፊት ይጠየቃሉ።»

ቃል በቃል ገለበጥሁት። የጻፈው የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ነው። ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ወድቆ ሁለቱም አይነበቡም። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አምጥቶ ፍልጡ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ተቀበልሁ ብዬ እንድፈርም እንኳ አልጠየቀኝም።

«የታቦቱ» ይላሉ። ዛፉን የተከሉት አባቴ ናቸው። መሬቱ በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር ላይ በአባቴ ስም ተመዝግቧል። ሃያ ዓመት በመሬት አስተዳደር ስሠራ የዚህን ቀበሌ ግማሽ የለካሁት እኔ ነኝ። የአባቴን ግን ነገር እንዳይነሣ ብዬ ሌላ ባለሙያ እንዲለካው አደረግሁ። እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ነው ዛሬ ሌባ የተባለው።

አባቴ ሰማንያ አልፏቸዋል። ሳላቸው ከክረምት ወዲህ አልለቅ ብሏል። ደባርቅ ያየቻቸው ሐኪም «ብርድ አይንካቸው፣ ጢስም አይጠጉ» አለችኝ። ሁለቱን በአንድ ላይ እንዴት? አሰብሁበት። ከአሮጌ በርሜል የብረት ምድጃ አስበየድሁ፤ ጢሱን በቧንቧ በጣሪያ ያወጣል። ነገር ግን ደረቅ ፍልጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። ኩበት ከከተቱበት ቧንቧው ይደፈናል። ስለዚህ በመስከረም ማለቂያ ዛፉን ጣልሁ፣ ልጣጩን ላጥሁ፣ ለፀሐይ ሰጠሁት። አሁን የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ልፈልጥ መጣሁ።

የተፈለጠ፦ ሁለት ግንድ።
ያልተፈለጠ፦ አራት።
የቀረኝ ፈቃድ፦ እስከ እሑድ።

ዛሬ ጧት በሳፋው ውስጥ ያደረው ውኃ በስሱ በረዶ ሠርቶ ነበር። ምድጃው ገና አልተለኮሰም። ለአባቴ ስለ ደብዳቤው አልነግራቸውም። አብራቸው የምትኖረው እኅቴ የሺም እንዳትነግራቸው ቃል አስገባኋት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ቅዳሴ እስኪወጣ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆየሁ። ጾሙ ስለ ገባ ዘገየ። ቄሰ ገበዙ ወጥተው ከሰዎች ጋር ተቀመጡ። የጉባኤው ሰብሳቢ እርሳቸው ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት ከአባቴ ዘንድ ነው፣ ዛሬ ደግሞ የአባቴ የንስሐ አባት ናቸው። ደብተሩን ከፍቼ አቀረብሁላቸው።

«ባለ ሜትሩ መጣ» አለ ጎረቤታችን አያ ደሴ። «ዛሬ ሜትርህን ነው የያዝኸው ወይስ ምሳርህን?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቄሰ ገበዙ ደብተሩን አዩና መለሱልኝ። «መሬቱ የአባትህ ነው፤ ማን ካደ? ዛፉ ነው የታቦቱ።»

«ማስረጃ አላችሁ?»

«ሰው ነዋ ማስረጃው። ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል።»

«የተጻፈ ነው የጠየቅሁት፣ አባ።»

አያ ደሴ ዱላውን ወደ እኔ ቀሰረ። «የኔን ድንበር ስትለካ ምን አልኸኝ? ያልተጻፈ የለም አላልኸኝም? ከዋንዛው እስከ ቋጥኙ የአባቴ ነው ብዬ ብምል፣ ብገዘት፣ አልጽፍም አልኸኝ። ቀመስኸው በል!»

ትዝ ይለኛል። ሕጉን ነበር የሠራሁት። ዛሬም ቢሆን እንዲሁ ነው የማደርገው።

ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እቤትህ ግባና አባትህን ጠይቅ» አሉኝ። ነገሩን ከራሳቸው ላይ ማውረጃ መሰለኝ። «የታመመ ሽማግሌ ምስክር አድርጋችሁ ልታስጨንቁብኝ ነው?» ብዬ ተነሣሁ።

ማታ የሺ በአሮጌው ምድጃ ኩበት አነደደች። አባቴ እስኪያልባቸው ድረስ ሳሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ክርክሩ እስኪያልቅ ብዬ ጭራሮ ለቀማ ወጣሁ። የሚለቀም የለም። ሰው ሁሉ ቀድሞኛል። ወደ ላይ፣ ወደ ፓርኩ ወሰን፣ ቆሞ የደረቀ የአስታ ዛፍ አየሁ። አንድ ሰዓት ብቆርጥ የሳምንት ማገዶ ነው። አልነካሁትም። የፓርኩ ሕግ የተጻፈ ነው።

ይዤ የተመለስሁት፦ የባህር ዛፍ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ እሾህ፣ የክንድ ያህል ውፍረት ያላቸው አራት ቅርንጫፎች። ጀርባዬ ላይ ሳወጣው ተበተነ። እንደገና አሰርሁት፤ ተበተነ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ቆመው አዩኝ።

«ጋሼ፣ እንደ መሬት በአራት ማዕዘን ነው እንዴ ያሰሩት?» አለች አንዷ።

ሌላዋ ሸክሟን ሳታወርድ ተንበርክካ ፈታችው፤ ወፍራሙን ወደ ውስጥ፣ ቀጭኑን ወደ ውጭ አድርጋ አሰረችልኝ። «ይኸው። እስከ ቤትዎ ያደርሰዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅም» አለችኝ። ደረሰ። ሻይ የሚያፈላ እሳት ሆኖ አለቀ።

መብራት ከሰኞ ጀምሮ የለም። ምድጃው እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ መሐል ቤት ተቀምጧል። ሳልፍ በነካሁት ቁጥር እናደዳለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም። ይህን በቃሌም በተግባሬም አሳየሁ። ጧት በግልጽ፣ መንገደኛ እያየኝ፣ ሦስተኛውን ግንድ ፈለጥሁ። ደርቋል። ሽብልቁ ገብቶ ሲሰነጠቅ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! በዚህ ሳምንት ዛሬ ብቻ ደስ አለኝ።

ወደ ማታ ምድጃውን ለኮስሁት። ጢስ የለም። ምንም! ብረቱ ቀላ። አባቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከመስቀል ወዲህ ጋቢያቸውን ሲያወርዱ ያየሁት ዛሬ ነው። እጃቸውን ወደ ሙቀቱ ዘርግተው፣ ዓይናቸው ስለማያይ ከፊታቸው የሆነ ነገር የሚዳብሱ መስለው፣ «ሞቀኝ» አሉ። የሺ አለቀሰች።

«ደህና እንጨት ነው» አሉ። «የወንዙ ዳር ዛፍ እንዲህ ወፍሮ ነበር?»

«የወንዙ ዳር እኮ አልቋል አባዬ፣ ጉቶው ነው የቀረው። ይህ የላይኛው ነው።»

እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የላይኛው ነው ያልኸኝ?»

«አዎ።»

«አውጣው።»

መጀመሪያ የሞቀባቸው መስሎኝ ነበር።

«እሳቱን ከቤቴ አውጣው! የታቦት ነው። አንተ የጠፋህ ጊዜ ነው የሰጠሁት። ልጄን በእግሩ አግባልኝ፣ የላይኛው ዛፍ ያንተ ይሁን ብዬ ተሳልሁ። ገባህ። ሰጠሁ። ሕዝቡ እልል አለ። አንተስ እዚያው አልነበርህም?»

ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጦርነቱ መጥቶ ሰባት ወር ደብዛዬ ጠፍቶ ነበር። በተመለስሁ በሳምንቱ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይዘውኝ ሄዱ። እኔ ግን ከቅጽሩ ውጭ ቆምሁ። ጥቂት መጻሕፍት አንብቤ ነበርና መግባት ያሳፍረኝ ነበር። እልልታውን ሰማሁት። ጃንጥላ የሰጡ መስሎኝ ነበር። ምንድን ነው ብዬም አልጠየቅሁም።

በመስከረምም «ዛፉን ልቁረጥ?» አልኋቸው፤ «ቁረጥ» አሉኝ። የትኛውን ብዬ አልጠየቅሁም። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የወንዙ ዳር ማለቁን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም።

ፍሙን በአካፋ እየዛቅሁ ደጅ አውጥቼ አፈር አለበስሁት። የቀላው ብረት ቀስ በቀስ ጠቆረ። አባቴ ጋቢያቸውን መልሰው ለበሱ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አባቴ ከምድጃው ርቀው በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ላይ ተቀመጡ። ኩበቱንም ጭራሮውንም እምቢ አሉ። «ዓይን የለኝ። ምኑን እንደምትከቱበት በምን አውቃለሁ?» ማለት አላመኑኝም። ሐሰት ተናግሬአቸው አላውቅም። ግን አላመኑኝም።

የሺ ከበር ስወጣ ተከተለችኝ። «ወንድምዓለም፣ ያ ሁሉ ወረቀት አለህ አይደል? እርሱን አንድድላቸው!»



ቄሰ ገበዙን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ስለት ይለወጣል» አሉ። «በሌላ ነገር ተለውጦ እንጨቱ ለእርሳቸው ሊፈቀድ ይችላል። እኔ ብቻዬን ግን አልችልም። ጉባኤው ይስማማ። የሚሰበሰበው ታኅሣሥ ሚካኤል ካለፈ በኋላ ነው።»

«ከሦስት ሳምንት በላይ ነው!»

«ነው።»

«እስከዚያው ተፈቅዷል ይበሏቸው። ከእርስዎ አፍ ከሰሙ ይሞቃሉ።»

«ጉባኤው ሳይፈቅድ? መምህሬን ልዋሻቸው?»

እኔም እርሳቸውን ብሆን አልልም ነበር። ያናደደኝም ይኸው ነው።

«ለምን በቃል አልነገራችሁኝም?» አልሁ። «ስለት ነው ብትሉኝ በቃ ነበር።»

«አልነገርንህም? መስከረም ላይ ስትጥለው አያ ደሴ አጥርህ ላይ ቆሞ፣ የስለት ነው ተው፣ አላለህም? ካላችሁ በጽሑፍ አምጡ አልኸው። በዚህ ደብር ስለ ዛፍ ለሰው ደብዳቤ ስንጽፍ የመጀመሪያችን ነው። ሦስት ሆነን ነው የጻፍነው። ለአንተ ብለን።»

እውነት ነው። ብያለሁ። ረስቼው ነበር ብዬ እንኳ እዚህ አልጽፍም። ሰምቼዋለሁ፤ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሌሊቱን ሁሉ ሳሉ። ሲነጋ ዶማና ምሳር ይዤ ወንዙ ዳር ወረድሁ። ከቆረጥነው ዛፍ የቀረው ጉቶ አለ፤ ያ የማንም ስለት አይደለም። ቆጠርሁ፦ አሥር።

ጉቶ መንቀል የሰው ሥራ አይደለም። ዙሪያውን ትቆፍራለህ፣ ሥሩን ትቆርጣለህ፣ ሌላ ሥር ከሥሩ ይወጣል። አምስት ሰዓት ላይ መዳፌ ተላጠ። አያ ደሴ ከላይ ሲያየኝ ቆየና ዶማውን ይዞ ወረደ። በሌላው ወገን ገብቶ ይቆፍር ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉቶው ተገለበጠ።

«ማገዜን በጽሑፍ ልስጥህ?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

ሳቅሁ። ከዚያ ስለ ዋንዛው ላነሣለት ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። እርሱም አላነሣም።

አንዱን ሥር ሳላጥብ ለአባቴ ወስጄ እጃቸው ላይ አስቀመጥሁት። ዳበሱት። በሥሩ ቅርንጫፎች መሐል የተያዘውን የወንዝ አሸዋና ጠጠር በጥፍራቸው ፈለቀቁ። አሸተቱት።

«የወንዙ ዳር ነው።»

«ነው፣ አባዬ።»

«አንድድ።»

ለካ ማስረጃ ይቀበላሉ። እኔ የማላውቀው ዓይነት እንጂ።

ጉቶ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ከምድጃው አጠገብ ተኙ። ግን ጋቢያቸውን አላወረዱም፤ ሳሉም አልቆመም።

እሑድ፣ ኅዳር 21

አንድ ጉቶ ሁለት ማታ ነው። ዘጠኝ ቀርቷል፤ አሥራ ስምንት ማታ። ብርዱ እስከ የካቲት ነው። አንዱን ጉቶ መንቀል ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ እኔም ሃምሳ አልፎኛል፣ የሺም አትነቅልም። ደጅ ሦስት ግንድ ፍልጥና ሦስት ያልተፈለጠ ግንድ እንደ ግንብ ተደርድሯል። በየቀኑ እየደረቀ ነው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻሉም፤ ቅዳሴውን ከአልጋቸው ሆነው በነፋሱ ሰሙት። ዛሬ ምራቃቸው ላይ ደም አየሁ። ለየሺ አልነገርሁም።

ነገ ሥራ አልገባም። ለመሥሪያ ቤቴ ጻፍሁ። ከዚያ ይህን ጻፍሁ፤ ግልባጩን እዚህ አኖራለሁ።

«ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ፤

ቁጥርና ቀን ለሌለው ደብዳቤያችሁ የተሰጠ መልስ። ኅዳር 21።

ከአባቴ ቤት በላይ ያለው ባህር ዛፍ አባቴ በእኔ ምክንያት ተስለው ለታቦቱ የሰጡት መሆኑን አምናለሁ። እስከ ዛሬ የተጻፈ ማስረጃ አልነበራችሁም፤ ይህ ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ማስረጃችሁ ይሁን። የቆረጥሁት ሳልጠይቅ ነው። የነገራችሁኝንም አልሰማሁም።

የወደቀው ስድስት ግንድ ለአባቴ ማገዶ እንዲፈቀድ እለምናለሁ። በምትኩ በመጪው ክረምት በወንዙ ዳር በሙሉ ችግኝ ተክዬ፣ አጥሬ፣ አሳድጌ ለታቦቱ እሰጣለሁ። ያንንም በይዞታ ደብተሩ አስመዘግባለሁ።

ፈቃዱን ለአባቴ ቄሰ ገበዙ በአፋቸው ይንገሩልኝ፤ ከወረቀት አይቀበሉም። ለእኔ ግን በቁጥርና በቀን ይጻፍልኝ።

ታኅሣሥ ሚካኤልን መጠበቅ አልችልም። ጉባኤው ከዚያ በፊት ተሰብስቦ እስከ ሰኞ፣ ኅዳር 29 ድረስ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣ ፈቃድ እኔን ብቻ ያሞቅ ይሆናል።»