ለዓይን ቀን፣ ለቅጠል ምሽት

ውድ ወንድሜ ጋሼ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። «ምሁሯ፣ አንድ ደንበኛ ጠይቆኝ ነው። ክፍል ውስጥ የሚያበቅላቸው አትክልቶች ከላይ ከላይ እየነጡ፣ የቅጠላቸው ዳር ወደ ላይ እየታጠፈ አስቸገረው። ምን ይሁን?» ብለሃል። ከሥሩ ደግሞ የሚስቅ ፊት አስቀምጠሃል።

ደንበኛው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አትክልቶቹ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደተደረደሩ፣ ከበላያቸው ምን እንደተሰቀለም አውቃለሁ። በስልክ በሁለት መስመር መመለስ አቅቶኝ ወረቀት ያነሣሁት ለዚህ ነው። መልሱን ታገኘዋለህ፣ አትስጋ። የሱቅ ሰው ነህና መጨረሻውን ብቻ ፈልገህ እንዳታነብ ግን አደራ፤ መልሱን እታች ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው።

የተመረቅኩ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «እንግዲህ ቶሎ ሥራ ያዥ» ሲለኝ፣ «ተዉአት እስቲ፣ የምታስበው ነገር አላት» ያልከው አንተ ብቻ ነበርክ። የማስበው አባባ እንጨት ይሠራበት የነበረውን የጓሮውን ክፍል ነበር። መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ እንደ ውጪው አይለዋወጥም። ለሌላው ሰው ያረጀ ዕቃ ቤት ነው፤ ለእኔ ግን ውርጭም በረዶም የማይደርስበት እርሻ ነበር። እማዬ ለምረቃዬ ምን እንድትገዛልኝ ስትጠይቀኝ፣ ሌላው ቀለበት በሚመኝበት ዕድሜ እኔ መብራት አልኩ። «ቤታችን ጨለማ ነው እንዴ ልጄ?» አለችኝ። አንተ ሻይህ ትን ብሎህ ጀርባህን እስክንመታህ ድረስ ሳቅክ።

ክፍሉን አንተም ትፈልገው ነበር፤ ይህን አልረሳሁም። የመብራት ሱቅህ ዕቃ ሳሎን ድረስ ገብቶ፣ እንግዳ ሲመጣ የአምፖል ካርቶን ላይ ነበር የምናስቀምጠው። እማዬ ሁለታችንን አስቀምጣ ፈረደች። እስከ ክረምት መግቢያ ክፍሉ የእኔ ነው። ምግብ ቤቶች የሚገዙት አትክልት ካወጣሁበት የእኔ ሆኖ ይቀራል፤ ካላወጣሁ ያንተ መጋዘን ይሆናል። «አሪፍ ፍርድ ነው» ብለህ እጄን ጨበጥክ። ጠበቅ አድርገህ ነበር የጨበጥከው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ምሽቶች ናቸው ዛሬም የሚያንገበግቡኝ። ሱቅህን ዘግተህ ትመጣለህ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የመብራቶቹን ሥዕል እንዘረጋለን፣ እኔ እለፈልፋለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። አንተ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ወደድከው። «የጭፈራ ቤት ያስመስለዋል፣ ሰላጣውም እየጨፈረ ያድግልሻል» አልክ። በዚያ ብርሃን ሥር ቅጠል ሁሉ ጥቁር ስለሚመስል የታመመው ከደህናው እንደማይለይ ነገርኩህ። ቅጠሉ ቢጫ መሆን መጀመሩን ሳታይ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይሞትብሃል አልኩህ። ነጩ ላይ ተስማማን። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመልከት አልኩህ፤ ዋት መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው የሚነግርህ፣ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈውን አይደለም። ጀርባው ወፍራም አሉሚኒየም ይሁን፣ ሙቀቱን በዚያ በኩል ያስወጣ። ብርሃኑ መሐል ላይ ብቻ ተከምሮ ዳሩን እንዳያስርበው ሰፋ ያለ ይሁን። በሰንሰለት ይሰቀል፣ ከፍ ዝቅ እንዲል። በመደርደሪያው ዙሪያ ነጭ የተቀባ ጣውላ ይቁም፣ የሚያመልጠውን ብርሃን እንዲመልስ። ይህን ሁሉ በስኳር ከረጢት ጀርባ ላይ ሥዬ ሰጠሁህ፤ አጥፈህ የሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ከተትከው።

ከሁሉ በላይ ዓይንህን አትመን አልኩህ። ዓይን ለባለቤቱ ያደላል፤ ብርሃን ሲያንሰው ብሌኑን ከፍቶ ያብቃቃል፣ አንተም «በቂ ነው» ትላለህ። ቅጠል የሚከፍተው ብሌን የለውም። «ለዓይን ቀን የሆነ ክፍል ለቅጠል ምሽት ሊሆን ይችላል» ስልህ ጠረጴዛውን መታ አድርገህ፣ «ይቺን እንኳ ለደንበኞቼ እነግራታለሁ» አልክ።

ጋሼ፣ ያን ምሽት ምን እያስተማርኩህ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ።

መብራቶቹን ያስመጣኸውም የሰቀልካቸውም አንተ ነህ። ካርቶኑ በመንገድ ተቀዳዶ ስለመጣ ጣልኩት አልከኝ፤ የመብራት ነጋዴ ካርቶን ሲጥል ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠፍጣፋዎቹ የመብራት ፓነሎች በአንድ እጅ የሚነሡ ቀላል ነበሩ። አንድ ቀን ሙሉ በርተው ውለው ጀርባቸውን ብነካው ቀዝቃዛ ነው። እጄ ግራ ሲገባው አይተህ «ጥራት ያለው ዕቃ እኮ አይሞቅም» አልከኝ። መጀመሪያ ያበራሃቸው ጊዜ ዓይኔን በእጄ ጋረድኩ። እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ እልል አለች። አንተ ትከሻዬን ይዘህ «በይ እንግዲህ፣ ቀኑ ነግቶልሻል» አልክ።

ችግኞቹ ወጡ፤ እንደ ክር ቀጥነው ወጡ። ወደ ላይ ተመዘዙ፣ አንገታቸው ቅጠላቸውን መሸከም አቅቶት ተጋደሙ። እንደገና ዘራሁ፣ እንደገና ተጋደሙ። ውሃውን ጠረጠርኩ፣ ዘሩን ጠረጠርኩ፣ ማዳበሪያውን ጠረጠርኩ፣ በመጨረሻ የተማርኩትን ትምህርት ጠረጠርኩ። መብራቱን ግን የሰቀልከው አንተ ነህ፤ እሱን መጠርጠር ከየት ይመጣል? የተማርኩበት ቤተ ሙከራ ብርሃን መለኪያ ነበረው፣ ብጠይቅ ያውሱኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ወንድም የሰቀለውን መብራት መለካት ነውር መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር አይቼ ነበር። በሩ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ያሉት ችግኞች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አዘንብለው ነበር። ከበላያቸው መብራት እየበራ፣ እነሱ ፊታቸውን ወደ በሩ ስንጥቅ፣ ጣት ወደማያስገባው የፀሐይ ፍንጣቂ አዙረው ነበር። ተማሪ ብትሆን በዚህ ብቻ ፈተና ታልፍ ነበር። እኔ ግን «አየር ፈልገው ነው» ብዬ የችግኝ ሳህኖቹን ማዟዟር ያዝኩ።

አንተም እየመጣህ ታየኝ ነበር። ይህ ነው ከሁሉ የከፋብኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የሞቱትን ስነቅል አጠገቤ ተንበርክከህ ነቅለህልኛል። አልቅሼ ስጨርስ መሐረብህን ሰጥተኸኛል። «የማይሆን ነገር አይሆንም እህቴ፣ አንቺ ቢሮ ነው የሚያምርብሽ» ብለኸኛል። ክረምቱ ሳይገባ ቁልፉን ራሴ አምጥቼ በእጅህ አስቀመጥኩ። ተቀበልከኝ። ዓይንህን አላየሁትም፤ ካርቶኖቹን እየቆጠርክ ነበር።

ከዚያ የእጮኛህ ቤተሰቦች ምሳ ጠሩን።

እማዬ ያቺን የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔም ለአንተ ደስ ብሎኝ ሄድን። እውነት ደስ ብሎኝ ነበር ጋሼ። ከምሳ በኋላ አማትህ፣ ችግኝ ነጋዴው የእጮኛህ አባት፣ «ኑ የልጃችንን ሥራ ላሳያችሁ» ብለው ወደ ምድር ቤቱ አወረዱን። እኔ ፊት ነበርኩ። ደረጃው እታች ደርሼ ቀና ስል ቆምኩ፤ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ገጨችኝ።

የኔ ክፍል ነበር። ነጭ የተቀቡት ጣውላዎች ዙሪያውን ቆመዋል። ሰንሰለቶቹ ተሰቅለዋል። ሰላጣው ድንክ፣ ወፍራም፣ ከአረንጓዴም ጠቆር ያለ፣ ስትነካው ቀጭ የሚል ነበር። ከበላዩ ያለው መብራት በሥዕል ብቻ የማውቀው፣ እኔ ራሴ የመረጥኩት መብራት ነው። እጄን ዘርግቼ ጀርባውን ነካሁት። ሞቀኝ።

አማትህ እጃቸውን ትከሻህ ላይ ጥለው፣ «ይኼ ልጅ ዓይን አለው እናንተ! የሚገባበትን አጥንቶ ነው የሚገባ። መብራቱን መርጦ፣ አሰቃቀሉን ሥሎ፣ ሁሉን ራሱ ነው ያደረገው» አሉ። እጮኛህ ኮራች። ፊትህን ፈለግኩት። አንተም አየኸኝ፣ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅሰህ «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» አልከኝ።

ቆየሁ። እስከ ዛሬ እየቆየሁ ነው።

እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን እማዬ በሰው ቤት ናት፣ «እንኳን ደስ አለዎት» እየተባለች ናት። ዋጥኩት። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እማዬ እጄን ይዛ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «አየሽ፣ ወንድምሽ ትምህርቱን ሳይጨርስ እንኳ እንዴት አድርጎ አበቀለው» አለችኝ። ቀጥላም «ምናልባት አንቺ ተቻኩለሽ ይሆናል» አለች። በመስኮት ወደ ውጪ እያየሁ መጣሁ።

እቤት እንደደረስኩ ሳልቀመጥ መለኪያውን ልዋስ ሄድኩ። መጋዘንህ ውስጥ፣ በካርቶኖችህ መሐል አሁንም ተሰቅለው ከነበሩት ፓነሎች ሥር ያዝኩት። ከሱቅ መደርደሪያ በላይ የሚሰቀሉ ናቸው አይደል? ዕቃ ለማሳየት እንጂ ቅጠል ለማሳደግ ያልተሠሩ ዓይነት። መለኪያው ያሳየኝ ብርሃን ከዛፍ ጥላ ሥር ከሚገኘውም ያነሰ ነበር። ዓይኔ ግን አሁንም «ብሩህ ነው» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ባላስተማርኩህ ኖሮ እንዲህ አድርገህ ልታታልለኝ አትችልም ነበር።

ብዙ አሰብኩ። አባባ ሲያርፍ ትምህርትህን ትተህ ሱቅ የከፈትከው እኔ እንዳላቋርጥ ነው፤ ይህን ቤት ውስጥ ማንም አይናገረውም፣ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። ምሁሯ ስትለኝ ከሳቁ ሥር ሌላ ነገር እንዳለ አሁን እሰማዋለሁ። በአማትህ ፊት ባዶ እጅህን መቆም እንደከበደህም ይገባኛል። መጥተህ «እህቴ፣ መብራቱን ለእኔ ተይልኝ፣ ሰው ፊት ቀና ልበልበት» ብትለኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር። ከነሥዕሉ፣ ከነአሰቃቀሉ፣ ወርጄም እሰቅልልህ ነበር። አንተ ግን መብራቱን ብቻ አልወሰድክም። ከእማዬ ዓይን ውስጥ እኔን አውጥተህ ራስህን አስገባህ። እኔንም ከራሴ ልትነጥቀኝ ጥቂት ነው የቀረህ፤ ለአንድ ቢሮ የሥራ ማመልከቻ ጽፌ ጨርሼ እንደነበር ታውቃለህ?

አላስገባሁትም። ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ባዶ ክፍል ከሥሩ ምድጃ ስላለ ሞቃት ነው። ጋጋሪው «ሰላጣ እየሰጠሽኝ ተጠቀሚበት» ብሎኛል። መብራቱን ራሴ እመርጣለሁ፣ ራሴ እሰቅላለሁ፣ ከመዝራቴ በፊትም ቅጠሉ በሚያርፍበት ቁመት እለካለሁ። ማንም ቢሰቅለው እለካለሁ። ይህን ያወቅኩት ከአንተ ነው፤ ባላውቀው ግን እመርጥ ነበር።

አሁን መልስህ። መብራቱ ቀርቧቸዋል። ሰላጣው እያደገ ወደ ላይ ሲመጣ ሰንሰለቱን ከፍ ያደረገ የለም፤ ቅጠሉ እየነጣ ያለው ብርሃን በዝቶበት ነው። ይህን ሥዕሉ ላይ አልጻፍኩትም፣ በአፌ ነበር የነገርኩህ፤ ያኔ ስልክ ላይ ነበርክ። ከቅጠሉ ጫፍ እስከ መብራቱ ከክርንህ እስከ መሐል ጣትህ ያለውን ያህል ይሁን። ከዚያ በኋላም ባደጉ ቁጥር አንሣው። ዛሬውኑ አድርገው። በምላሹ ምንም አልጠይቅህም፤ ሰላጣው ምን አጠፋ?

የሚቀጥለው እሑድ ግን እማዬን ይዤ ወደ አማትህ ቤት እመጣለሁ። እኔ ለእማዬ አልነገርኳት፣ አልነግራትምም። እኔ ብነግራት ክስ ይሆናል፣ እሷም ከሁለት ልጆቿ አንዱን ለማመን ትገደዳለች። አንተ ብትነግራት ግን ወንድሜን አገኘዋለሁ። ያን ምድር ቤት አብረን እንወርዳለን። ደረጃው እታች ስንደርስ፣ አማትህ ትከሻህን ከመያዛቸው በፊት፣ እማዬ እየሰማች አስተዋውቀኝ። ምን ብለህ እንደምታስተዋውቀኝ ታውቃለህ።

ዝም ካልክ እኔም ዝም እላለሁ። ሰላጣውን አይቼ፣ ሰንሰለቱ መነሣቱን አረጋግጬ፣ የአማትህን እጅ ጨብጬ እመለሳለሁ፤ ሠርግህም ላይ እንደ ማንኛውም እንግዳ እገኛለሁ። ልዩነቱን አንተና እኔ ብቻ እናውቀዋለን።

እስከ እሑድ ደህና ሁንልኝ።

መብራቶቹን የመረጠችው እህትህ