እንዳያመልጥዎ

ጥቅምት 4
ሽሮ አስፈጨሁ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው።
ስልኬ ጮኸ። ዛሬ ለማንም አላሳየሁም። መነጽሬን አድርጌ ራሴ አነበብኩት! «ውድ ደንበኛችን፣ ለእርስዎ ብቻ! ከሚወዱት ጋር ያለ ገደብ ያውሩ። ዛሬ ብቻ! እንዳያመልጥዎ!»
ውድ... ባሌ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን እንኳ ብሎኝ አያውቅም።
ግን ከማን ጋር ላውራ? ከጽዮን ጋር? በስተርጅና ፊደል ስቆጥር «መቃብርሽ ላይ ልትጽፊበት ነው?» ብላ በሰው ፊት ከሳቀችብኝ እህቴ ጋር? ሰፈሯ ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም ስትሄድ እንኳ አልተሰናበትኳትም።
ያምልጠኝ!

ጥቅምት 5
ዛሬም «ዛሬ ብቻ» ብለው ላኩ! ለእኔ ሲሉ ደገሙት?
ሮጬ ዑዘይር ሱቅ ሄድኩ። የማውሪያ ጥቅሉን ገዛልኝና ሳቀ። የራሱን ስልክ አሳየኝ። ያው ቃል!
«እማማ፣ ለአገሩ ሁሉ እኮ ነው የሚልኩት።»
አጭበርባሪዎች! ግን አንዴ ተገዝቷል... ይባክን?
ደወልኩላት።
«እኔ ነኝ።»
«መልእክትሽ ሁሉ ደርሶኛል» አለች።
የምን መልእክት?
«በየቀኑ የምትልኪው ነዋ! አንዱንም አላጠፋሁም።»
ማንበብ አትችልም... ስልኳ በጮኸ ቁጥር እኔ የጻፍኩላት መስሏት ኖሯል!
«ታዲያ ምነው ሰው አላስነበብሽ?»
«ስድብ ነዋ! አፍሽን አላውቀውም? ጎረቤት ፊት ይነበባል?»
ስስቅ እንባዬ መጣ።
«እሺ፣ ምን ይላል?» አለች።
ምን ልበላት? የነጋዴ ነው ልበላት?
«ውድ ይላል።»
«ውድ ማን?»
«ውድ ጽዮን።»
አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።
ዋሸኋት። እኔን ያናደደኝን ውሸት...

ጥቅምት 6
አልደወልኩም። ምን አፍ አለኝ?

ጥቅምት 8
እሁድ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የእኔ የሆነ ይድረሳት! ጠዋቱን ሙሉ ፊደል ስፈልግ አረፈድኩ። «ጽዮን እሁድ እመጣለሁ ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ»
ላክሁት! በገዛ ጣቴ!
ወዲያው ደወለች።
«ይሄኛው አጠረሳ! ተቆጣሽ እንዴ?»
አነበብኩላት።
«እና ውድ የምትለዋ የት አለች?»
ወይ ጉድ... ረስቻታለሁ!
«ቆይ፣ ሌላ ይመጣልሻል። ዝጊው» አልኳት።
እየጠበቀች ነው። ው... የት ነበረች?