እርግጫ ስላለበት ከብት

ለተከበሩ የፈቃድ ክፍል ሹም፤

በቅድሚያ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና፣ በነገሌ ልማድ መሠረት፣ የከብትዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በጡረታ የተሰናበትኩ ሃምሳ አለቃ ስሆን፣ ከገበያው በስተጀርባ ባለው ባዶ መጋዘን ለዘጠኝ ሰዎች ካራቴ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት፣ ለብቻዎ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች በጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ እንዳልቀሰቅሳቸው በማሰብ ነው።

1ኛ/ በጥር ወር «እርግጫን ለማሻሻል በላስቲክ ማሰሪያ እንድንለማመድ ይፈቀድልን» ብዬ አመልክቼ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከከመነዳሪ፣ ማለትም ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የተቆረጠ ማሰሪያ አንዱ ጫፍ ከምሰሶ፣ ሌላው ከቁርጭምጭሚት ይታሰራል፤ ሰውየው ላስቲኩን እየሳበ ይራገጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ላስቲኩ ሲፈታ እግሩ ይፈጥናል። ክፍልዎ ግን «እርግጫ» የሚለውን ቃል አይቶ ማመልከቻውን ለከብት ሐኪሙ መራው። ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ፤ በሁለት ቀን ደርሷል።

2ኛ/ ሐኪሙ መጥተው፣ ስትታለብ የምትራገጥ ላም ፈለጉ። ጨዋ ሰው ናቸው። ካጧት በኋላ «የሚራገጥ ከብት አልተገኘም» ብለው ጻፉ። እርስዎም፣ ከብት የሌለው ሰው ማሰሪያ ምን ያደርግለታል በሚል፣ አስቀድመን ያስቆረጥናቸው አሥራ አንዱም ላስቲኮች ተወስደው «ከብቱ እስኪቀርብ ድረስ» በክፍልዎ ግምጃ ቤት እንዲቀመጡ፣ ጎሚስታ ቤቱም ሌላ እንዳይቆርጥልን አዘዙ። ትእዛዙ ባለ ማኅተም ስለነበር ኮርተንበታል።

3ኛ/ ከብቱን አቀረብኩ። ስሙ ዋሪዮ ጃልዴሳ ይባላል፤ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይጠግናል፤ ላስቲኮቹንም የቆረጠው እሱ ነው። ግንቦት ላይ አዋሳ በሚደረገው ውድድር ካሸነፈ፣ አዲስ አበባ በአሠልጣኝነት ሊቀጠር ነበር። ጸሐፊዎ ከእግር እስከ ራሱ ተመልክቶት «ባለቤቱ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ዋሪዮም «እኔው ነኝ» አለ። መዝገቡ ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ ስላልነበረው ተመለስን።

4ኛ/ ላስቲክ ሲጠፋ በቆዳ ጠፍር ተለማመደ። ጠፍር አይለጠጥም። መጋቢት 19 ቀን እግሩን ወደ ላይ ሲሰድ ጠፍሩ ያዘው፤ ከጭኑ በስተኋላ ያለው ጅማት ተበጠሰ። ድምፁን ሰምቻለሁ። አዋሳ ሄደ፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ወደቀ። አሁን ጎማ የሚያወልቀው ጎንበስ ብሎ ነው፤ መንበርከክ አይችልም። በዚህ ቁጥር ሥር ምስጋና አልጻፍኩም።

ዋሪዮ ይህ ደብዳቤ እንዲጻፍ አልፈለገም። «ይተዉት ጋሼ፤ እኔም ረስቼዋለሁ» ብሎኛል። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ እግሩ የሚደርስበትን ከፍታ የምናሰምርበት የጠመኔ መስመር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ በውኃ አጥቦታል።

ጠረጴዛዎ ሳይነቃነቅ፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከብት የሌለኝ ታዛዥዎ፣

ሃምሳ አለቃ ቢረሳው ወልደሥላሴ
ነገሌ፣ ሰኔ 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት በግቢዎ በር ሳልፍ ላምዎ ስትታለብ አየሁ። የኋላ እግሮቿ የታሰሩት በሰባተኛው ላስቲክ ነው፤ ቁጥሩን በቀለም የጻፍኩበት እኔ ነኝ። የሚራገጠው ከብት መገኘቱን በትሕትና እያስታወቅሁ፣ በትእዛዝዎ መሠረት የቀሩት አሥሩ እንዲመለሱልኝ አመለክታለሁ። ባለቤቷ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።