የኪቦርዱ ማስተካከያ

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

ጤናህስ እንዴት ነው? እኛ ካንተ ናፍቆትና ከእማዬ የጉልበት ሕመም በቀር ደህና ነን። ስልኩ ከእጇ አይለይም። ስንጠይቃት «ሰዓት ላይበት ነው» ትላለች፤ የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቷ ተሰቅሎ!

አንድ ወሬ ልንገርህ። አንተ ስትለፋበት የኖርከውን፣ ማንም በፈቃደኝነት የሚያግዝበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እኔም ማገዝ ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ከእንቅልፉ ሲነቃ ኪቦርዱ አንዱን ፊደል እየደጋገመ ያስቸግር የለ? እሱን አስተካክዬ ላክሁ። ለምን ኪቦርድ ካልከኝ፣ የኪቦርዱ ኮድ ኃላፊ አንተ አይደለህ? ለእኛ ደብዳቤ መመለስ ብትተውም፣ የሚላከውን ኮድ ሁሉ መርምሮ መልስ የሚሰጠው ኃላፊው ነው ይላል ደንባችሁ።

አንድ መስመር ላይ ሆን ብዬ ስህተት ተውኩ። አንተ ስህተት አይተህ ዝም ማለት አይሆንልህማ! በልጅነትህ እንኳ የባለሱቁን ማስታወቂያ በከሰል ታርም ነበር።

ከላክሁ ወዲህ ቁጭ ብድግ ስል ሰነበትኩ። ሻይ ጥጄ እረሳለሁ፤ በር የተንኳኳ ይመስለኛል። ትናንት መልስ መጣ። ዘልዬ ስነሳ ወንበሩ ተገለበጠ፤ እማዬ በዚያ ጉልበቷ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«እሱ ነው?»

የጻፈው የማላውቀው ሰው ነው፦ «ኃላፊው መልስ ስላልሰጠ እኔ አይቼዋለሁ። ስህተቷን አርሜ ተቀብያለሁ። እንኳን ደህና መጣሽ።»

«አዎ እማዬ፣ እሱ ነው። ጎበዝ ብሎኛል» አልኳት።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ማስተካከያ ላክሁልህ። ይኸኛው ከላይ እስከ ታች ስህተት ነው።

ቁጣህን በናፍቆት የምትጠብቅ፣
እህትህ