በመስኮት የሚነበብ አንድ ገጽ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ የመጋዘናችንን ቁልፍ ያህል የጠና፣ እንቅልፍዎም ፈተና እንደሌለበት ሰው እንቅልፍ የሰላም እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ አምና ተመርቄ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ እንዳስተምር የተመደብኩ፣ የምረቃው ጋውን ሙቀት ገና ያልወጣልኝ መምህር፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ተማሪዎቼን ከመጽሐፍ ሸክም ስለገላገሉልኝ። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ እንኳ አልዳረስ ብሎን፣ እኔና የቋንቋ መምህርቷ አዘጋጆቹ ለሁሉም ክፍት ያደረጉትን የሳይንስ መጽሐፍ ከኢንተርኔት አውርደን፣ ልጆቹ ወደሚገባቸው ቋንቋ መልሰን፣ በትምህርት ቤቱ ማባዣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አዳርሰን ነበር። የውስጥ ሽፋኑ ላይ «ስማችንን ጠቅሶ ማንም ያባዛው፣ ያሻሽለው፣ ያስተምርበት» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ማኅተም የሌለው ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ፣ በነፃ የመጣ ነገርም ጤና እንደሌለው ደርሶበት፣ ማባዣውን ጨምሮ ሁሉንም መጋዘን አስገብቶ ቆለፈበት፤ ዳግም ለሚያባዛም የሥራ ስንብት ቃል ገባ።

ሁለተኛ፣ ስላስተማሩኝ ትዕግሥት። ማኅተሙን ፍለጋ ለአዘጋጆቹ ብጽፍላቸው «ፈቅደናል ብለን ጽፈን የለም ወይ? ይልቅ ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» ብለው በማግስቱ መለሱ። መልሱን ይዤ ብመጣ ጸሐፊዎ «የኔ ልጅ፣ ማኅተም እንኳ የላቸውም እኮ፤ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብለው አዘኑልኝ። ማኅተም የሌላቸው ስለ ልጆቼ ሲጠይቁ፣ ማኅተም ያላቸው አንድም ቀን አለመጠየቃቸውን ያስተዋልኩት ደረጃውን ስወርድ ነው።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው፤ ቁጥር የሰጠሁት ለሥርዓቱ ያህል ነው። ኮሚቴዎ መጽሐፎቹን ሲመረምር አንዱን ገልጦ በመጋዘኑ መስኮት ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ። የተገለጠው ገጽ ስለ ጨጓራ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በየእረፍቱ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያነባሉ፤ ረጃጅሞቹ ለአጫጭሮቹ ጮኽ ብለው ያነቡላቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ የእኛዋ ግን እዚሁ፣ ከመስታወት ጀርባ ናት። በጨጓራ ነገር ዛሬ ተማሪዎቼን የሚያህል የለም። ከዚያ አልፎ ላለው ግን ቁልፉ እርስዎ ኪስ ነው።

ጥያቄ ስለምታበዛ «ለምን» የሚል ቅጽል የወጣላት ተማሪዬ ትናንት መስኮቱ ሥር ጠብቃ «ቲቸር፣ ልብ ከዚህ ስንት ገጽ ይርቃል?» አለችኝ። አባቷ ፈተናውን ከወደቀች ትምህርቷን ትታ ልብስ ስፌት ቤቱ እንደምትቀመጥ ቁርጡን ነግሯታል። ፈተናው ደግሞ ደረሰ። ድምፄ እስኪዘጋ አስረዳለሁ፣ ጠመኔ እስኪያልቅ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ ልጅቷ ግን ቤቷ ይዛው ገብታ የምታጠናው ነገር የላትም። ክቡርነትዎ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እባክዎ ይክፈቱልን።

ከታላቅ አክብሮትና ከእርሱ ከማያንስ ጭንቀት ጋር፣
ማኅተም የሌለው ታዛዥዎ፣
የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ መክፈቱ ስብሰባ የሚጠይቅ ከሆነ አንጨቃጨቅም። ባለ ቁልፉ ሰው በየጠዋቱ ገባ ብሎ አንድ ገጽ ብቻ ይግለጥልን፤ ዛሬ ከጀመረ ከፈተናው በፊት ልብ ላይ እንደርሳለን። ለመግለጥም ፈቃድ ካስፈለገው፣ የውስጥ ሽፋኑ ላይ ተጽፎለታል።