ላስቲክ ውስጥ ያላበው ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1980

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ዛሬ ኮምፒውተሩን ነካሁት። እንዳትነኪ ተብያለሁ። አቧራ ስወለውል ላስቲኩ ከውስጥ ጭጋግ ለብሶ አየሁና በጣቴ ጫን አደረግሁት። ጠብታ ሆኖ ወረደ። ውሃ ነው። ከውስጥ።

ጋሽ ታደሰ ከጅቡቲ ያመጡት ለልጃቸው ለሶስና ነው። የጽሕፈት መኪና ይመስላል፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያያዝ የተጻፈው እዚያ ላይ ይታያል። ሶስና አንድ ሳምንት ተጫወተችበትና ሰለቻት። ጋሽ ታደሰ ባቡር ላይ ነው የሚሠሩት። ባለፈው ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው «ክረምት ነው፣ እርጥበት እንዳይገባው» አሉ። ሚስታቸው እትዬ ወይንሸት ይህን ሰምታ በወፍራም ላስቲክ ጠቀለለችው፣ አፉን በገመድ አሰረችው፣ ከላዩ ዳንቴል አለበሰችው። ቴሌቪዥኑም ዳንቴል አለው፣ ቴፑም አለው። በዚህ ቤት ዳንቴል የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይሄ ቢበላሽ የማታ ትምህርትሽን እርሺው» አለችኝ። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ስድስተኛ ክፍልን አገሬ ሂርና ጨርሼ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ። ሰባተኛ እገባለሁ ስል ዓመቱ ያልፋል።

እትዬ የእናቴ እህት ናት። እንግዳ ካለ ግን አክስቴ እንዳልላት ነግራኛለች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን እሷ ናት።

ነገ ውሃውን እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12

ነገርኳት። ሦስት ጊዜ ሳሎን በር ደርሼ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ስገባ ጎረቤቷ ተቀምጣ ነበር፤ መመለስ አፍሬ እዚያው ተናገርኩ።

«ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል።»

«ምን አለች?» አለች ጎረቤቷ።

«ኮምፒውተሩ አላበው ትላለች!» አለች እትዬ። «በይ ፎጣ አቀብይው!»

ሶስና ከመኝታ ቤት ሆና «እማዬ፣ ገላውንም ትጠበው እንጂ!» አለች። ሦስቱም ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ጎረቤቷ እንደወጣች እትዬ ጆሮዬን ያዘች። ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል። «ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ በሰው ፊት ታነሻለሽ? የፊናንስ ፖሊስ ቢሰማ ጋሽሽን ልታሳስሪ ነው?» እኔ ላስቲኩ ነው ያልኩት፤ ኮምፒውተር ብላ የጠራችው እሷ ናት። ይህን አልተናገርኩም።

ሁለተኛ ላስቲክ አመጣችና እኔው እንድጠቀልለው አደረገች። ቁምሳጥን ውስጥ ከተትነው። ቁምሳጥኑ የተደገፈው ግድግዳ ጣሪያው ስለሚያፈስ አረንጓዴ ሆኗል። ይህንንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 13

ሲዘንብ አድሮ የደቻቱ ወንዝ ሞልቷል። የባቡሩን ሐዲድ አንድ ቦታ ጎርፍ ወስዶታል አሉ፤ ጋሽ ታደሰ እስኪጠገን አይመጡም። እትዬ ላምባ እንድገዛ ከሰፈራችን ከከዚራ ወንዙን ተሻግሬ ወደ መጋላ ላከችኝ። ድልድዩ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ውሃው የወሰደውን ያያል። አንድ አልጋ ሲሄድ አየሁ። ሰዉ አጨበጨበ።

ስመለስ ሬዲዮ ሠሪው ሙሳ ሱቅ በር ላይ ብዙ ቆምኩ።

«አቦ ግቢ!» አለኝ። «ዝናቡ አንቺን ፈርቶ አይቆምም።»

«አንድ ዘመዳችን... ሬዲዮ አለው። ላስቲክ ውስጥ አላበው።»

«ወላሂ ይሄ ከተማ መጠቅለል ይወዳል! እርጥቡን አየር አብራችሁ ትጠቀልሉና ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆንባችኋል። ፍቱት፣ ይተንፍስ።»

እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ፦

ላስቲኩን ማውጣት።
ከግድግዳ ማራቅ።
ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ አጠገቡ ማኖር፤ እርጥበት ይስባል።
ሦስት ቀን ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ አለማስነካት። ይህን ጣቱን ቀስሮ ሁለት ጊዜ ነው ያለው። «ውሃ እያለ ካበራችሁት፣ አለቀ።»

ስወጣ «ለሬዲዮው ሰላም በይልኝ» ብሎ ሳቀ። ያወቀብኝ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 14

እትዬ ጠዋት ቀበሌ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄደች። በሩ ሲዘጋ ሰምቼ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ከዚያ ፈታሁት። ሁለተኛው ላስቲክ ከመጀመሪያው ብሶ ነበር። በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ወንበር ላይ ደፋሁት፣ ከፊደሎቹ መሃል ጠብ ጠብ አለ። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ክፍሉ እንደ ምድጃ ሞቋል። ዕድሌ። እትዬ ከመምጣቷ በፊት ቁምሳጥን ውስጥ መለስኩት፤ አንዱን ላስቲክ ብቻ እንዲሁ ጣል አደረግሁበት፣ ከሰሉን ሥሩ ሸጎጥኩ።

ደስ አለኝ። እጄ አንድ ነገር ያዳነ መሰለኝ።

ዞር ስል ሶስና በሩ ላይ ቆማለች።

«አትናገሪብኝም አይደል?»

«እንደ ጠባይሽ ነው» አለች።

ፀጉሯን አጠብኩላት። ሁለት ቀሚስ ተኮስኩላት። ከዚያ «እትዬ ሶስና በይኝ» አለች። እኩያዬ ናት፤ እንዲያውም በአራት ወር እበልጣታለሁ። አልኳት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 15

የዛሬውን ልጽፈው አልፈለግሁም።

እትዬ ለቅሶ ሄዳለች። ጠዋት ኮምፒውተሩን አየሁት። ከላይ ደርቋል፤ ከፊደሎቹ ሥር ግን ገና ውሃ ያብረቀርቃል። ከሰዓት የሶስና ሁለት ጓደኞች መጡ። እሷ አውጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘችው። እኔ ውሃ ይዤ ገባሁ።

«የኮምፒውተሩ ጠባቂ እሷ ናት» አለቻቸው። «ድምጿን ሰምታችሁት አታውቁም። ከሂርና ሲጭኗት ምላሷን ረስተውት ነው።»

«እስቲ አንድ ነገር በይ!» አለች አንዷ።

«አቦ ተዪያት፣ ከተናገረች ታለቅሳለች» አለች ሶስና።

ሶስና ሶኬቱን ይዛ ነበር። አልደረቀም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። አፌ ውስጥ ነበረ። ሌላ ጊዜ ፈርቼ ነው ዝም የምለው፤ ዛሬ ግን አልፈራሁም። እንዲበላሽባት ፈለግሁ። ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቆሜ አየኋት።

ሰካችው። ጠሽ አለ። ቀጭን ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም የለም። ጓደኞቿ ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቁ ወጡ።

ሶስና ዞራ አየችኝ። ያወቀች ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 16

ሶስና ለእናቷ እንዲህ አለች፦ «ተደብቃ ፈትታው ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።» ውሸት አይደለም። ሶኬቱን ማን እንደሰካው ግን እትዬም አልጠየቀች፣ እኔም አልተናገርኩ።

ከዚያ እትዬ ከሰሉን አገኘችው። ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «መተት! በቤቴ መተት!» ብላ ወደ ግቢ ወረወረችው። እርጥበት ይስባል ልላት አፌን ስከፍት በላስቲኩ ገመድ መታችኝ። ሦስት ጊዜ ክንዴን፣ አንዴ አንገቴን። ሶስና እያየች ነበር። በመጨረሻው ላይ ፊቷን አዞረች።

«ትምህርት ብሎ ነገር የለም። ሰኞ ሂርና ትሳፈሪያለሽ። እዚያ ከላም ጋር ተማሪ።»

ሐዲዱ ተጠግኗል። ጋሽ ታደሰ ነገ በባቡሩ ይገባሉ። እትዬ «እኔ ነኝ የምነግረው፣ አንቺ ምን ምላስ አለሽ» አለች። እውነቷን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለጋሽ ታደሰ ደህና ዋሉና ደህና ገቡ ከማለት ሌላ ያልኳቸው ነገር የለም።

ቀኑን ሙሉ ልብስ እያጠብኩ የምለውን ስደረድር ዋልኩ። አንደኛ፣ ላስቲኩ ነው ያላበው። ሁለተኛ፣ ሙሳ ያለኝን አድርጌያለሁ። ሦስተኛ፣ የሰካችው ሶስና ናት። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ብነግራቸው ምናልባት ያምኑኛል፤ ምናልባት መስከረም ላይ ሰባተኛ እገባለሁ። አራተኛውን ካከልኩ ግን አላውቅም።

ነገ እትዬ ቅዳሴ ሳለች ባቡር ጣቢያ እሄዳለሁ። ሲወርዱ ሻንጣቸውን እቀበላቸዋለሁ። እርጥብ እንደሆነ እያወቅሁ ዝም ማለቴን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ወደ መጨረሻ ካቆየሁት እውጠዋለሁ። ሦስቱን ከዚያ በኋላ፣ የሚሰሙኝ ከሆነ።